የሽርሽር መርከብ መድፍ ሲጫንባት

ጁን 12 ቀን 2024 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከየመኗ ሆዴይዳ ወደብ ማዶ በቀይ ባሕር ስትጓዝ የነበረችውን «ቱተር» የተባለች የጭነት መርከብ አንዲት ትንሽ ጀልባ በኋላዋ በኩል መታቻት። ጀልባዋ ከሩቅ ለሚያያት የዓሣ አጥማጅ ትመስላለች፤ የያዘችው ግን ፈንጂ እንጂ መረብ አልነበረም። የሞተር ክፍሉ በውኃ ተሞላ፣ አንድ ፊሊፒናዊ መርከበኛ ሞተ፣ መርከቧም ከቀናት በኋላ ሰጠመች። ከዚያ አራት ወር ቀደም ብሎ ዩክሬን 5 ሜትር ተኩል ብቻ በሚረዝሙ ሰው አልባ ጀልባዎች «ኢቫኖቬትስ» የተባለችውን የሩሲያ የሚሳይል መርከብ ጥቁር ባሕር ውስጥ አስጥማ ነበር። የዚህ ዓይነቷ የመጀመሪያ ጀልባ በሴፕቴምበር 2022 ሴቫስቶፖል አጠገብ ባሕሩ ተፍቷት ስትታይ፣ ማንቀሳቀሻዋ ከመዝናኛ የውኃ ሞተርሳይክል የተወሰደ እንደሚመስል ባለሙያዎች ወዲያው አስተውለዋል።

ለመዝናኛ የተሠራን ነገር ባሕር ላይ ማዝመት ግን የድሮን ዘመን ፈጠራ አይደለም። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች አሜሪካ፣ ብሪታንያና ካናዳ በመቶዎች የሚቆጠሩ ያክቶችን (ትላልቅ የመዝናኛ መርከቦችን) ከባለጸጎች ተረክበው፣ ግራጫ ቀለም ቀብተው፣ መድፍና የጥልቀት ቦምብ (ሰርጓጅ መርከብ ለመምታት ተጥሎ ውኃ ውስጥ የሚፈነዳ ቦምብ) ጭነው አሰማርተዋል። ዛሬ የሲቪል መርከቦችን ለባሕር ኃይል ስለማዋል ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ምን ዓይነት መሣሪያ ይሸከማሉ የሚለው ነው። የያክቶቹን ዕጣ አንድ በአንድ ያየ ሰው ግን ጥያቄውን ይቀይረዋል፦ ክብደቱ የት ላይ ተቀመጠ? ሥራውስ ምንድን ነው? መድፍ የተሸከመች ያክት ብዙ ጊዜ ደካማ የጦር መርከብ ናት። ለመጠበቅና ለማዳመጥ የተመደበች ያክት ግን የወጣባትን ታስመልሳለች።

በስውር የተገዙት 14 መርከቦች

ካናዳ በ1939 ጦርነት ውስጥ ስትገባ ረጅሙን የአትላንቲክ ዳርቻዋን የሚጠብቅላት መርከብ እጅግ ጥቂት ነበር። ኮርቬት የተባሉት አጃቢ መርከቦች ታዝዘዋል፤ ሆኖም ከመርከብ ማምረቻው እስኪወጡ መጠበቅ ግድ ነበር። ትላልቅ ያክቶች በብዛት የሚገኙት አሜሪካ ውስጥ ነው። አሜሪካ ደግሞ ገና ገለልተኛ ስለነበረች ሕጓ ለተዋጊ አገር የጦር አገልግሎት መርከብ መሸጥን ይከለክላል።

የካናዳ ባሕር ኃይል ያገኘው መላ ትንሽ ተንኮል ያለበት ነው። የታወቁ የካናዳ ጀልባ ወዳዶችን በምስጢር ጠርቶ፣ የራሳቸውን ጀልባዎች ለመንግሥት አገልግሎት ወሰደባቸው። እነሱም «ጀልባዬን መንግሥት ወሰደብኝ፣ ምትክ እፈልጋለሁ» እያሉ ወደ አሜሪካ ወርደው በግል ስማቸው ያክት ገዙ። መርከቦቹ የሽርሽር ጀልባ መስለው ድንበር ከተሻገሩ በኋላ ባሕር ኃይሉ ተረከባቸው። በዚህ መንገድ 14 ያክቶች ተገኙ፤ «ቢቨር»፣ «ኤልክ»፣ «ሊንክስ»፣ «ራኩን»፣ «ኦተር» እየተባሉ የአራዊት ስም ወጣላቸው። «ቢቨር» በ1902 የተሠራች አሮጊት ስትሆን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ባሕር ኃይል አገልግላ ነበር። «ግሪዝሊ» ደግሞ ማሽኗ እጅግ ደክሞ ስለተገኘ ከወደብ ጥበቃ ያለፈ ሥራ አልተሰጣትም። በጥድፊያ የተገዛ መርከብ ቀፎውና ቦይለሩ በደንብ ሳይመረመር ይቀራል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ የግዢው ጥድፊያ በጥገና ወረፋ ተካካሰ።

ከውስጥ የሚወጣው፣ ከላይ የሚጫነው

ያክት የምትሠራው ጥቂት ሰዎች በምቾት እንዲኖሩባት ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው በማውጣት ነው። ምንጣፉ፣ ፒያኖው፣ የተወለወለው የእንጨት ግድግዳ፣ የእብነ በረድ መታጠቢያው ይነሳል። ይህ ለውበት ግድ ማጣት አይደለም፤ ደረቅ እንጨትና ቫርኒሽ እሳት ሲነሳ ማገዶ ነው። ረጃጅም ተራዳዎች ይቆረጣሉ ወይም ያጥራሉ፣ ከአፍንጫዋ የሚወጣው ምሰሶ ይነሳል። ሰፋፊ የሳሎን መስኮቶች በብረት ሰሌዳ ይደፈናሉ። ይህን የዘለለ ሰው የራሱ መድፍ በተኮሰ ቁጥር መስታወቱን ሲለቅም ይውላል፤ የተኩሱ ግፊት የጣሪያ መስታወትና ቀጭን በር ይሰብራል።

ቀጥሎ መድፉ ይመጣል። የያክት የላይ ወለል የወንበርና የሰው እግር ክብደት እንጂ የመድፍ ምት እንዲችል አልተሠራም። ከመድፉ መቀመጫ ሥር ወለሉ በወፍራም ብረት ይደረባል፣ ከሥሩም እስከ መርከቧ አከርካሪ የሚወርዱ ቋሚዎች ይተከላሉ። ቋሚዎቹ መሐል ላይ ባለ ክፍል ወለል ላይ ብቻ ካረፉ ምቱ ያንን ወለል ያጎብጠዋል፣ ብረቱን የሚያያይዙት ሪቬቶች ይላላሉ፣ ውኃ መንጠባጠብ ይጀምራል። የጥይት ማከማቻው ዝቅ ብሎ፣ ከቦይለር ርቆ፣ በአደጋ ጊዜ በባሕር ውኃ የሚሞላበት ቧንቧ ኖሮት መሠራት አለበት። በኋለኛው ጫፍ የጥልቀት ቦምብ የሚንከባለልበት ሐዲድ ይገጠማል። እያንዳንዱ የአሜሪካ «ማርክ 6» ቦምብ 190 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ 136 ኪሎው ቲኤንቲ የተባለው ፈንጂ ነው።

ሳይታሰብ የሚቀረው ሰው ነው። ለመድፍ፣ ለማዳመጫ፣ ለራዲዮና ለቀን ከሌሊት ጥበቃ ፈረቃ ሲሞላ የመርከቡ ሕዝብ ከበፊቱ በእጥፍም ከዚያም በላይ ይሆናል። የመጠጥ ውኃ ጋኑ፣ ሽንት ቤቱ፣ ማብሰያው፣ የማቀዝቀዣው ክፍል ግን የድሮው ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መርከቧን ወደ ወደብ የሚመልሳት ከነዳጅ ማለቅ በፊት የንጹሕ ውኃ ማለቅ ይሆናል።

ፖርቶመጋላው ላይ የተከመረ ጭነት

የገጠር አውቶቡስ ፖርቶመጋላው ላይ በርበሬና ከሰል ተከምሮበት ኩርባ ሲዞር አይቶ የሚያውቅ ሰው የያክቶቹን ዋና ችግር ለመረዳት የምህንድስና ትምህርት አያስፈልገውም። ክብደት ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መርከብ ዘንበል ብላ ለመመለስ ትዘገያለች፤ ከአንድ ልክ ካለፈ አትመለስም።

መርከበኞች የዚህን መጠን ሜታሴንትሪክ ቁመት ይሉታል፦ በመርከቧ የክብደት ማዕከልና፣ ስታዘነብል ውኃው ወደ ላይ የሚገፋት ኃይል መሥመር ከመርከቧ የመሐል መሥመር ጋር በሚገናኝበት ነጥብ መካከል ያለው ርቀት ነው። በሰዓት ብቻ በግምት ሊለካ ይችላል። ጸጥ ባለ ወደብ ገመዱን ላላ አድርጎ መርከበኞቹን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በአንድ ላይ እያስሮጡ መርከቧን ማወዛወዝ፣ ከዚያ አንድ ሙሉ ውዝዋዜ (ከግራ ወደ ቀኝ፣ ተመልሶ ወደ ግራ) ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ መቁጠር ነው። ስፋቷ በሜትር በ0.8 ይባዛል፣ በሰከንዱ ይካፈላል፣ የተገኘው በራሱ ይባዛል። ስፋቷ 7.3 ሜትር የሆነች መርከብ በ8 ሰከንድ ከተወዛወዘች ቁመቱ 53 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ውዝዋዜው 11 ሰከንድ ከሆነ ወደ 28 ሳንቲ ሜትር ወርዷል ማለት ነው።

አሁን ያቺኑ መርከብ 400 ቶን ናት እንበልና እናስታጥቃት። መድፉ፣ መቀመጫውና በአጠገቡ የሚቀመጠው ጥይት በድምሩ 6 ቶን ቢሆንና ከክብደት ማዕከሏ 4 ሜትር በላይ ቢቀመጥ፣ ማዕከሉን 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይስበዋል። 24 የጥልቀት ቦምብ ከነሐዲዱ ሌላ 6 ቶን ገደማ ነው፤ 3 ሜትር ላይ ሲቀመጥ 4 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። እስካሁን ችግር የለም። ነገር ግን ሥራዋ በካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ ማዶ በክረምት ነው። የሚረጨው ውኃ ገመዱ፣ መድፉና የድልድዩ ግድግዳ ላይ ይጋገራል። 20 ቶን በረዶ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ከተጋገረ ብቻውን 18 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል። ከ53ቱ የሚቀረው 25 ነው። በዚያ ላይ ነዳጁ ከታች እየተቃጠለ ሲቀል የክብደት ማዕከሉ የበለጠ ይወጣል። በረዶውን በመጥረቢያና በእንጨት መዶሻ መስበር በክረምት የፈረቃ ሥራ የሚሆነው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ታች ላይ እርሳስ ወይም የብረት ጡብ መደርደር ይመስላል፤ ይደረጋልም። ግን ዋጋ አለው። መርከቧ ወደ ውኃው ጠልቃ ትገባለች፣ የላይ ወለሏ ከውኃው ያለው ከፍታ ይቀንሳል፣ ፍጥነቷም ይወርዳል። እጅግ ብዙ ከተጨመረ ደግሞ ውዝዋዜው ፈጣንና ነጣቂ ይሆናል፤ መድፈኛው ማነጣጠር ቀርቶ መቆም ያቅተዋል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ነው።

ፍጥነት ሲያንስ

የጥልቀት ቦምብ ጣይዋን ራሷን ሊጎዳ ይችላል። በሰከንድ 2.4 ሜትር ያህል የሚሰምጥ ቦምብ 30 ሜትር ላይ እንዲፈነዳ ከተሞላ 12 ሰከንድ ተኩል ይወስድበታል። በ12 ኖት (በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ያህል) የምትሮጥ መርከብ በዚህ ጊዜ 77 ሜትር ትርቃለች፤ በ8 ኖት የምታዘግም ግን 51 ሜትር ብቻ። ይህ ልዩነት ለአሮጌ ቀፎ ቀላል አይደለም፦ የቧንቧ መጋጠሚያ ይሰነጠቃል፣ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ይረግፋል፣ ከማሽኑ ሥር ያለው የብረት መቀመጫ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ዘገምተኛዋ ያክት ቦምቡን ለጠለቀ ፍንዳታ ለመሙላት ትገደዳለች፤ ሰርጓጅ መርከቡ ግን ብዙ ጊዜ ጥልቅ አይደለም። ሌላም አለ፦ መርከቧ ስትሰጥም ቦምቦቹ ከተሞሉበት ጥልቀት ሲደርሱ ውኃ ውስጥ ያሉትን የገዛ መርከበኞቿን ይገድላሉ። ጥቃት ሲቋረጥ እያንዳንዱን ቦምብ ወደ አለመፈንዳት መመለስ ግድ የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው፤ በድንገት በቶርፒዶ የተመታች መርከብ ግን ለዚህ ጊዜ የላትም።

የጠፉትን ስንመለከት ይህ ሁሉ ይታያል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጠላት እጅ የሰጠመችው የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ «አልሴዶ» የተባለች ያክት ነበረች፤ ኖቬምበር 5 ቀን 1917 ከፈረንሳይ ዳርቻ ማዶ በጀርመን ሰርጓጅ ተመትታ በ8 ደቂቃ ሰጠመች፣ 21 ሰዎች ሞቱ። የካናዳዋ «ኦተር» በማርች 1941 ከሃሊፋክስ ማዶ ጠላት ሳይነካት በእሳት ነደደች፤ በቀዝቃዛው ባሕር 19 ሰዎች አለቁ። «ሳይቴራ» የተባለችው የአሜሪካ ያክት በ1907 ስኮትላንድ ውስጥ የተሠራች፣ ሁለቱንም ጦርነቶች ያገለገለች ነበረች። ከኖርፎክ ወደ ፐርል ሃርበር በተነሳች ማግስት፣ ሜይ 2 ቀን 1942፣ የጀርመኑ ሰርጓጅ «ዩ-402» መታት፤ የተረፉት ሁለት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ እነሱንም ሰርጓጁ ማርኮ ጀርመን ወሰዳቸው።

የ«ራኩን» አወዳደቅ ከሁሉም ይከብዳል። ሴፕቴምበር 7 ቀን 1942 ሌሊት በሴንት ሎውረንስ ወንዝ አፍ ነጋዴ መርከቦችን ስታጅብ በ«ዩ-165» ተመታች። ፍንዳታውን ሌላዋ አጃቢ ሰምታ ነበር፤ ግን «ራኩን» የጥልቀት ቦምብ እየጣለች ነው ብላ አለፈችው። አለመኖሯ የታወቀው በኋላ ነው፤ 37ቱም ሰዎቿ አልቀዋል። ያክት ከትልቅ መርከብ ይልቅ ጥቂት ውኃ የማያሳልፉ ክፍልፋዮች አሏት። አንድ ቶርፒዶ ግማሽ አካሏን ስለሚወስድ ለመርዳት እንኳ የሚጠራ ድምፅ ላይቀር ይችላል።

ሞተር የሌለው ጆሮ

በ1942 መጀመሪያ የጀርመን ሰርጓጆች በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነጋዴ መርከቦችን እንደልብ ያሰጥሙ በነበረበት ጊዜ የአሜሪካ የጀልባ ክለብ አባላት የሸራ ጀልባዎቻቸውን ለመንግሥት አቀረቡ። ባሕር ኃይሉ መጀመሪያ አልተደሰተም፤ በሜይ ወር ግን የባሕር ዳርቻ ጠባቂው ኮስት ጋርድ እንዲያሰማራቸው ተወሰነ። ሕዝቡ «የወሮበሎች ባሕር ኃይል» እያለ ቀለደባቸው፤ ከመርከበኞቹ ብዙዎቹ በዕድሜ ወይም በጤና ምክንያት መደበኛው ጦር የማይቀበላቸው ነበሩና።

ቀልዱ የሳተው ነገር አለ። የውኃ ውስጥ ማዳመጫ የያዘች የሸራ ጀልባ የራሷ ሞተር ድምፅ አያደነቁራትም። ሸራዋን አሳጥራ ባለችበት ስትንሳፈፍ የሰርጓጁን ፕሮፔለር መለየት ይቀላታል፤ ነዳጅ ስለማትፈጅም ለቀናት ተራዋ ላይ ትቆያለች። ሰርጓጁ ደግሞ ባትሪውን ለመሙላት ወደ ላይ መውጣት ነበረበት። በየቦታው የሚያየውና በራዲዮ የሚናገርበት ዓይን ካለ ጠልቆ ይቆያል፣ ጠልቆ ሲቆይ ደግሞ ዘገምተኛና ዕውር ነው። ጀልባዎቹ ባሕሩ 90 ሜትር ገደማ በሚጠልቅበት መሥመር ላይ በአራት ማዕዘን ክልል ተከፋፍለው ተመደቡ። ጋን በጠጠር ይደገፋል የሚለው አባባል እዚህ ላይ በልኩ ይገጥማል።

ባሕሩ ግን ከጠላት የባሰ ነበር። «ዛይዳ» የተባለችው 58 ጫማ የሸራ ጀልባ በዲሴምበር 1942 ከናንተኬት ማዶ በማዕበል ተሰባብራ፣ 9 ሰዎቿን ይዛ 3 ሳምንት ያህል ተንሳፈፈች። በአየር መርከብ ታይታ የተገኘችው ወደ ደቡብ እጅግ ርቃ በሰሜን ካሮላይና ኦክራኮክ አጠገብ ነው። ሁሉም ተረፉ። ለሽቅድምድም የተሠራ ጥሩ ቀፎ ስንት እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ ማቅረብ ያስቸግራል።

ለትክክለኛ ሥራ የተመደበችው ሌላዋ «ሲ ክላውድ» ናት። በ1931 ኪል ውስጥ በክሩፕ ገርማኒያቬርፍት ተሠርታ (ያው የመርከብ ማምረቻ ሰርጓጆችንም ይሠራ ነበር) ባለ አራት ተራዳ ያክት ሆና ወጣች። ባለቤቷ በዓመት 1 ዶላር ለመንግሥት አከራየቻት፤ ተራዳዎቿ ተነሱ፣ ሰሜን አትላንቲክ ላይ የአየር ሁኔታ መመዝገቢያ ሆነች። ለዚህ ሥራ ስፋት፣ ረጅም ነዳጅና ለመርከበኛ የሚበቃ ክፍል ያስፈልጋል፤ ሦስቱንም ይዛ ነበር የተወለደችው። አዛዧ ሌፍተናንት ካርልተን ስኪነር ጥቁርና ነጭ መርከበኞችን በአንድ ፈረቃ፣ በአንድ ማዕድ ያሠራባት በዚሁ ጊዜ ነው፤ ያኔ በአሜሪካ ባሕር ላይ ያልተለመደ ነገር ነበር።

ተቃራኒ ምሳሌ የለም ወይ? አለ። የአሜሪካዊው የባንክ ባለጸጋ የጄ. ፒ. ሞርጋን «ኮርሴር» በ1898 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል በ225,000 ዶላር ተሽጣ «ግሎስተር» ስትባል፣ ጁላይ 3 ቀን ሳንቲያጎ ደ ኩባ ላይ ሁለት የስፔን ዴስትሮየሮችን በቅርብ ርቀት ገጥማለች። ነገር ግን ትላልቅ የጦር መርከቦች ከጀርባዋ ሆነው ስፔኖቹን ይደበድቡ ነበር። ምጽዋንም ማስታወስ ይቻላል። ጣሊያን ሙዝ ከሶማሊያ ለማጓጓዝ ያሠራቻቸው «ራምብ» መርከቦች ከመነሻው በጦርነት ጊዜ እንዲታጠቁ ታስበው ነበር፤ ከእነሱ ሁለቱ መርከቦች ባለ 120 ሚሊ ሜትር መድፎች ተሸክመው ከዚያ ወደብ ተሰማርተዋል። በፌብሩዋሪ 1941 ምጽዋ ልትያዝ ስትቃረብ አመለጡ። «ራምብ 2» ጃፓን ደረሰች። «ራምብ 1» ግን ማልዲቭስ አጠገብ «ሊያንደር» የተባለችውን የኒውዚላንድ ክሩዘር አገኘችና ተኩስ በከፈተች በደቂቃዎች ውስጥ ጋየች። በዕቅድ የታጠቀች የሙዝ መርከብም ብትሆን እውነተኛ የጦር መርከብ ፊት ያላት ዕድሜ ይህን ያህል ነው።

ሕጉ ምን ይላል

የ1907ቱ ሰባተኛው የሄግ ስምምነት የንግድ መርከብ ወደ ጦር መርከብ ስትለወጥ የምታሟላውን ይዘረዝራል፦ በቀጥታ በመንግሥት ሥልጣን ሥር መሆን፣ የዚያን አገር የጦር መርከብ ምልክት በውጭ ማሳየት፣ በመኮንኖች መዝገብ ስሙ ያለ አዛዥ፣ በወታደራዊ ሥርዓት የሚገዛ መርከበኛ፣ የጦርነት ሕግን ማክበር፣ መለወጧን በጦር መርከቦች ዝርዝር ማስፈር። ከወደብ ውጭ በክፍት ባሕር ላይ መለወጥ ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ግን ተደራዳሪዎቹ ሳይስማሙበት ተዉት። አሜሪካ ስምምነቱን አልፈረመችም። ዓሣ አጥማጅ መስሎ ቀርቦ መምታት ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ ለተመታው ብቻ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ባሕር የሚያጠምድ እውነተኛ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል።

የዛሬው ያክት ለዚህ አይሆንም

በ2022 በማዕቀብ የተያዙት ግዙፍ የሩሲያ ባለጸጎች ያክቶች ለጦር አገልግሎት ይውሉ ይሆን የሚል ወሬ አልፎ አልፎ ይሰማል። ለዚህ የማይሆኑት በሥሪታቸው ነው። የላይ አካላቸው ብዙውን ጊዜ ቀላል አሉሚኒየም ነው፤ ይህም ከፍ ብለው እንዲሠሩ የረዳቸው ብልሃት ነው። ያንን ከፍታ በመሣሪያና በብረት ሲያከብዱት ከላይ ያየነው ሒሳብ ተመልሶ ይመጣል። አሉሚኒየም ደግሞ በእሳት ቶሎ ይለሰልሳል፤ ወለል ያህል የሰፋ መስታወት ያለበትን ግድግዳ በብረት መድፈን አዲስ መርከብ ከመሥራት አይተናነስም።

ድሮን ጀልባዎቹ ሒሳቡን በሌላ በኩል ፈቱት። ሰው፣ ውኃ፣ ምግብና የመመለሻ ነዳጅ ስለሌለባቸው ፈንጂውን ዝቅ አድርገው ይይዛሉ፤ ከውኃው በላይ የሚታያቸው እጅግ ጥቂት ነው። የማይችሉት አንድ ነገር መቆየት ነው።

መቆየት የሚችለውን ብሪታንያ በ2023 ገዝታለች፦ በ2019 የተሠራች የባሕር ላይ ነዳጅ ሥራ መርከብ በ70 ሚሊዮን ፓውንድ ወስዳ «ፕሮቲየስ» ብላ ሰየመቻት። ሰፊና ዝቅ ያለ የሥራ ወለል፣ ክሬን፣ በመሐል ወደ ባሕር የሚከፈት ጉድጓድ፣ ያለ መልሕቅ በአንድ ቦታ የሚያቆያት ሥርዓት ከፋብሪካው ይዛ መጣች፤ ሥራዋም የባሕር ወለል ኬብሎችን መጠበቅ ነው። በፌብሩዋሪ 2024 በየመን ታጣቂዎቹ ሁቲዎች የተመታችው «ሩቢማር» መልሕቋን እየጎተተች በቀይ ባሕር ስትንሳፈፍ፣ በዚያው ወቅት ሦስት የኢንተርኔት ኬብሎች ተቆርጠው ነበር፤ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ጥፋቱ የመልሕቁ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። ለዚያች መርከብ መድፍ የያዘ አልጎደላትም፤ የጎደላት አጠገቧ የሚቆም፣ መልሕቁን የሚቆርጥ፣ የምትሄድበትን አቅጣጫ በየሰዓቱ የሚያሳውቅ ነበር።